ቀይ ነጥብ በየቀኑ

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሞቱት ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ወጥ ቤቱ ግን እንዳለ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ። ከጎኑ አንድ ቢጫ ክኒን ብቻ የቀረበት ጠርሙስ ቆሟል። ማቀዝቀዣው በር ላይ የወሩ ቀን መቁጠሪያ ተለጥፏል። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያሉት ቀኖች በእርሳስ ተሰርዘዋል፤ በእያንዳንዱ ቀን ሥር ቀይ ነጥብ አለ።

ሐኪሙ በስልክ ብዙ አላወራም። «ቢጫው የመገጣጠሚያ መድኃኒት ነው። በሳምንት አንዴ፣ ረቡዕ ብቻ ነው የሚዋጠው። በየቀኑ ከተዋጠ መርዝ ነው።»

«ትእዛዙን ለውጠው ነበር?»

«በፍጹም።»

መርማሪዋ የቀን መቁጠሪያውን ገጽ ነቀለችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የቀኖቹ ስም የተጻፈበትን የላይኛውን መስመር ወደ ኋላ አጥፋ፣ ቁጥሮቹ ብቻ እንዲታዩ አድርጋ በላስቲክ ከተተችው።

ማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያትማል። የሚሠሩበት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ቀን መቁጠሪያውን የሚያወጣውን ፕሮግራም የምትጽፈው የሟች ልጅ፣ ከደንበኞች ትእዛዝ የሚቀበለው ታላቅ ወንድሟ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው አጎታቸው።

ልጅቷ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ጠፍቷል።

«የአባባን የመድኃኒት ገጽ በየወሩ የማወጣው እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። የሌላ ሰው ደብዳቤ የምታነብ ትመስላለች። «ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ ኮድ አለ፤ ዓመቱንና ወሩን ሲነግሩት ቀኖቹን ራሱ በሰንጠረዥ ይደረድራል። ክኒን የሚዋጥበትን ቀን የሚያሳየውን ቀይ ነጥብ ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ከሆነ አድርግ፣ ካልሆነ ተው። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።»

«ፋይሉን ከፍተሽ አየሽው?»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

«ካየሁት እውነት ይሆናል።» እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ቃሌን ይጻፉና ይውሰዱኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አባትሽ ሰሞኑን ስለ ክኒኑ ደውለውልሽ ነበር?»

«አልደወለም።»

«እሺ። ለመውሰዱ አንቸኩልም። ለቀጠሮ እንዲመቸኝ የወሩን የመጨረሻ ረቡዕ አሳዪኝ።»

ልጅቷ በላስቲኩ ላይ ጣቷን አሳረፈች። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ ሃያ አምስት ብላ ጻፈች።

አጎትየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «እኔን ከጠረጠርሽ ማሽኑን ጠይቂው፤ ከእሱ ተለይቼ አላውቅም።» በቀልዱ ማንም አልሳቀለትም፤ ራሱም አልሳቀም።

«ገጹን ለወንድምዎ ያደረሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ልጅቷ በዋዜማው በፖስታ አድርጋ መደርደሪያው ላይ ትተወዋለች፣ በማግሥቱ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያ ማንም አይነካውም።»

«ወይም ማንም ሊነካው ይችላል። ወንድምዎ ገጹን ሲያዩ ምን አሉ?»

«ግራ ገባው። ወዲያው ወደዚህ ደወለ። ‹ዶክተሩ ጨመረው እንዴ?› አለ። ትንሽ አዳመጠና ‹እሺ ልጄ፣ እናንተ ካላችሁ› ብሎ ዘጋው።»

«የትኛው ልጅ?»

«ሁለቱንም ልጄ ነው የሚላቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገጹን የምታወጣው ግን እሷ ናት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ወደ እሷ ሄደ።»

ረቡዕን ስትጠይቀው እሱም ጣቱን ሃያ አምስት ላይ አደረገ።

ወንድሟ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነው የጠበቃት። «ገጹን አይቼው አላውቅም። ኮምፒውተር ደግሞ የእህቴ ነው፤ እኔ ከኢሜይል አልፌ አላውቅም።»

«አባትዎ ማተሚያ ቤቱን ለማን ሊሰጡ ነበር?»

«ለእሷ። በሚቀጥለው ወር። ደንበኞቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አዎ፣ ቅር ብሎኛል። ቅር ያለው ሁሉ ይገድላል?»

«አይገድልም። የወሩን የመጨረሻ ረቡዕ ያሳዩኝ፤ ለቀጠሮ ነው።»

ሳያመነታ ሃያ አራትን ነካ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም በወረቀት መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ይዛ እንድትመጣ አድርጋለች።

«ፋይልሽን ክፈቺና የዚህን ወር ገጽ እንደገና አውጪው።»

ልጅቷ ቁልፎቹን ተጫነች። ከማተሚያው ሞቅ ያለ ወረቀት ወጣ። ቀይ ነጥብ የነበረው ረቡዕ ረቡዕ ብቻ ነው፤ አራት ነጥብ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ሳምንቱ ከምን ይጀምራል?»

«ከእሑድ» አለች ልጅቷ። «የእኛ ሁሉም ከእሑድ ነው የሚጀምረው። ላይብረሪው ካልነገሩት ከሰኞ ስለሚጀምር፣ ፋይሉ አናት ላይ አንድ መስመር ጽፌበታለሁ።»

መርማሪዋ የታጠፈውን ገጽ ከላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችው። የመጀመሪያው ዓምድ ሰኞ ነበር።

«ስለዚህ አባታችሁ የተከተሉት ገጽ ከዚህ ፋይል አልወጣም። የሠራው ያቺን መስመር የማያውቅ ሰው ነው። ፖስታው መደርደሪያው ላይ ሳለ ለወጠው፤ አባታችሁ ሲደውሉም ስልኩን አንሥቶ ዶክተሩ ነው የጨመረው አላቸው።»

«መስመሯን ራሷ አውጥታት ቢሆንስ?» አለ ወንድሟ።

«ይቻላል። አልደወለም ማለቷም ቃል ብቻ ነው። ረቡዕን የጠየቅኳችሁ ለዚህ ነው። የቀኖቹ ስም አይታይም ነበር። እህትዎና አጎትዎ እንደ ልማዳቸው አራተኛው ዓምድ ላይ አደረጉ፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን እሱ ሐሙስ ነው። እርስዎ ብቻ ሦስተኛውን ነኩ። ሃያ አራት፣ ትክክለኛው ረቡዕ። አይቼው አላውቅም ባሉት ገጽ ላይ።»

«ገምቼ ነው።»

«ላፕቶፕዎን ይክፈቱትና ይለይልን።»

ላፕቶፑ አጠገቡ ነበር። አልነካውም። ወደ እህቱ ሳያይ ተናገረ። «ዓምና ፕሮግራሙን ለደንበኛ ስታሳዪ አጠገብሽ ነበርኩ። ሦስት መስመር ነው አልሽ። ሦስት መስመር ብቻ። አራተኛዋን አላሳየሽም።»

«አንተ ልጅ!» አጎትየው ጠረጴዛውን ያዘ። «አባትህ እኮ ነው! እሺ ልጄ ያለው አንተን ነው!»

መርማሪዋ ደጅ የቆሙትን ፖሊሶች ጠራች። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ኮሌታውን አስተካከለ።

አጎትየው ወደ ልጅቷ ዞረ። ወንበር ስቦላት ወጣ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ፋይልሽ አልተሳሳተም። አባትሽን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች ልጅቷ። አራት ነጥብ ያለውን ወረቀት አሁንም ይዛዋለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ፋይሉ ተሳስቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»