ሰርቨሩ የጣላቸው በሽተኞች

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ህልም ቢሆንማ ምን ነበረበት...

ቡኤያ ከተማ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የሆስፒታሉን መስኮቶች ሸፍኗል።

የሆስፒታሉን ድረ ገጽ የምንሠራው እኔና የክፍል ጓደኛዬ ኢኮሜ ነን። ፒኤችፒ በሚባለው የኮድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ነርሶቹ ገጽ መቀያየር ስለሚሰለቻቸው የተኙትን በሽተኞች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ደረደርንላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ መድኃኒት... ለእያንዳንዱ ብዙ የመሙያ ሳጥን። ከታች አንድ የማስቀመጫ ቁልፍ።

ስህተታችን ይህ ነበር።

ፒኤችፒ በአንድ ጊዜ ከሚላክለት ውስጥ ሺህ ሳጥን ብቻ ይቀበላል። የተረፈውን ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል።

በዝናቡ ወራት ወባ በረታ። በሽተኛው በዛ፤ ሳጥኑም ከሺህ አለፈ። ከገጹ ግርጌ ያሉት ጠፉ።

ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የነበረችው እህቴ ሊሙንጋ ናት።

ወደ ክፍሏ ሮጥኩ። አልጋዋ ተነጥፏል። የገመጠችው ፓፍ ፓፍ የሚሉት ጥብስ ሊጥ ኮሞዲኖው ላይ አለ... ገና ትኩስ ነው።

"ሲስተር ኤፎሲ፣ እህቴ የት ሄደች?"

"የቷ እህትሽ?"

"ሊሙንጋ! ጠዋት እርስዎ አይደሉ እንዴ መርፌ የወጓት?"

"የኔ ልጅ... እዚህ አልጋ ላይ ሰው ተኝቶ አያውቅም።"

እየቀለዱ አልነበረም።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሼ ገደቡን ከፍ የሚያደርግ መስመር ኮዱ ውስጥ ጻፍኩ። ስሟን ሞላሁ። አስቀመጥኩ።

የለችም።

ደገምኩ...

የለችም።

"አንቺ፣" አለ ኢኮሜ በሹክሹክታ፣ "ኮድሽ ሥራ ሳይጀምር ነው እኮ የሚቆርጠው! እንግዳ አባረሽ በር ትከፍቻለሽ? ዋናው ሴቲንግ ውስጥ ግቢ።"

"ስንት ላድርገው?"

"ለሰዎቹ የሚበቃውን ብቻ። ገደቡ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም።"

አልሰማሁትም። መቶ ሺህ ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ስሟን ሞላሁ።

ወጣች። ሊሙንጋ!

ኢኮሜ ግን ገጹን ወደ ታች ይገፋል... ይገፋል...

"ናሞንዶ... እነዚህን ሁሉ ስሞች ማን አስገባቸው?"

ወደ ክፍሏ ሮጥኩ።

እህቴ አልጋዋ ላይ ነበረች። አቀፍኳት። ትኩሳቷ በልብሴ አልፎ ተሰማኝ። አለቀስኩ።

"ቀስ..." አለችኝ። "ይነቃሉ።"

ቀና አልኩ።

ከአልጋዋ ቀጥሎ ግድግዳ ነበር። አሁን የለም። አልጋ... ከዚያ ሌላ አልጋ... ዓይን እስከሚደርስበት። ሁሉም ፊታቸውን ተሸፍነው በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ።

ሊሙንጋ ብርድ ልብሷን ገለጠችና... ጠጋ አለችልኝ።