ንጹሕ በሽተኞች

«ጫማሽን አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ፤ አንሶላው እንዳይቆሽሽ» አለ ክፍሉ የሚባለው የጤና ጣቢያው ድሬሰር።

ሆዳን ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣች። አንሶላው አዲስ ነው፤ የእጥፋቱ መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። በጤና ጣቢያው ክፍል በተደረደሩት አልጋዎች ላይ የተኙት ሁሉ የትምህርት ቤቷ ልጆች ናቸው። አንዳቸውም አልታመሙም። ርእሰ መምህሩ ጠዋት በሰልፍ ላይ ጥፍርና አንገት እያየ ሲመርጣቸው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሹም እንደሚጎበኟቸው ብቻ ነግሯቸዋል።

ድሬሰሩ ከራስጌዋ የግሉኮስ ጠርሙስ ሰቀለ። የቱቦውን ጫፍ በፕላስተር ክንዷ ላይ ለጠፈው። መርፌ የለውም።

«አቦ፣ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሻላል» አለች ጓደኛዋ የሺአረግ ከጎኗ ካለው አልጋ።

ሆዳን ሳቀች። ያኔ ነፋሱ ዞረና በኋለኛው መስኮት ሽታ ገባ፤ የክሪዮሊን ማጽጃ፣ ጥሬ ቆዳ፣ ትውከት። ቀና ብላ አየች።

ከግቢው ጀርባ የቆዳ መጋዘን አለ። እውነተኞቹ በሽተኞች እዚያ፣ ጨው በተነሰነሰባቸው ቆዳዎች መካከል መሬት ላይ ተኝተዋል። ዝንቡ ከቆዳው ይነሣና ከንፈራቸው ላይ ያርፋል። በሩ አጠገብ የወደቀችውን ሴት በቢጫ ሻሿ አወቀቻት፤ ጎረቤታቸው ሃሊሞ ናት። ሰፈራቸው መጋላ ቧንቧ ስላልገባለት ሰዉ የሚጠጣው ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተቆፍሮ የሚቀዳ ውሃ ነው። ሃሊሞም ያንኑ ጠጥታ ታመመች።

«ቢዮ... ቢዮ...» ትላለች፤ በሶማልኛ ውሃ መለመኗ ነው። የሚሰማት የለም።

«ጋሼ፣ ኤዶ ሃሊሞን ለምን እዚያ አስተኛችኋት?» አለች ሆዳን፤ ሃሊሞን እንደ አክስቷ «ኤዶ» ነው የምትላት።

ድሬሰሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንጉሡን ሥዕል እያቃና ነበር። «ለትንሽ ጊዜ ነው። ሹሙ ሲሄዱ እንመልሳቸዋለን።»

«ኮሌራ ይዟት እኮ ነው።»

«ያን ስም እንዳትጠሪው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሙ ከተጠራ ባቡሩ ይቆማል፣ ንግዱ ይቆማል፣ እኛም እንባረራለን። እዚህ ከተማ ያለው የሆድ ቁርጠት ብቻ ነው ተብሏል። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ሲጠይቁሽ ‹ተሽሎኛል› በይ፣ በቃ።»

ሆዳን ተመልሳ ጋደም አለች። ከሽታው ይልቅ የቀፈፋት ቅድም የሳቀችው ሳቅ ነው። ሃሊሞን ሊያድናት የሚችለው የግሉኮስ ቱቦ የእሷ ክንድ ላይ ተለጥፏል፤ ለጌጥ።

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ጭብጨባ ተጀመረ።

«መጡ። ተሸፈኚ» አለች የሺአረግ።

ሆዳን ፕላስተሩን ላጠችው። አንሶላውን ገልጣ ወረደች።

«ወዴት ነው?» አለ ድሬሰሩ።

«አልጋው የኤዶ ሃሊሞ ነው። ላመጣት ነው። ጋሼ፣ መርፌውን አዘጋጅላት።»

ድሬሰሩ ወደ ፊት ለፊቱ በር አየ። ወደ እሷም አየ። ግን አልያዛትም። «እሺ፣ በኋላው በር አስገቢያት» አለ በሹክሹክታ። «ማንም እንዳያያችሁ።»

ሆዳን መጋዘኑ ደርሳ የሃሊሞን ክንድ አንገቷ ላይ አደረገች። ሃሊሞ ሥጋዋ ሁሉ አልቆ ቀልላለች። ስትነሣ አስመለሳት፤ የሆዳን ነጭ የደንብ ልብስ ከደረቱ እስከ ወገቡ ራሰ።

የኋላው በር እዚያው አጠገባቸው ነበር። ሆዳን ሳትገባበት አለፈችው። ሃሊሞን ደግፋ፣ በግድግዳው ጥግ ዞራ፣ የሹሙ መኪኖች ወደቆሙበት ወደ ፊት ለፊቱ በር በዝግታ ሄደች።