ያልተላከው ስንኝ

«ዝም ብለሽ ስሚ! ለኔ ብሎ ነው የገጠመው፣ ወላሂ!» አለች ኤልሳ፣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ማሚቱ ጆሮ ላይ እየሰካች።

ሁለቱ ጓደኛሞች ሱዳን ውስጥ ዶካ ካለው ትምህርት ቤታቸው አጥር ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከስልኩ የሶፎኒያስ ድምፅ መጣ። ድንበሩ ላይ ባለችው ገላባት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ የሚሠራው ሶፎኒያስ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤

«ሰሊጥ ሲታጨድ ነው ያየሁሽ ባይኔ፣
ውሃ አቀበልሽኝ፣ ጥሙ ባሰ በኔ።»

ማሚቱ ክው አለች። ስንኙ የእሷ ነው። ባለፈው አጨዳ እናቷን ልታግዝ ማሳ ወርዳ፣ ሶፎኒያስ ከቢጫ ጀሪካን ውሃ ያቀበላት ዕለት የገጠመችው። በድምፅ ቀርጻ ስትልክለት «እስክሞት ለማንም አላሰማም» ብሏት ነበር። እሷም ለኤልሳ እንኳ አልነገረችም፤ የራሷ ብቻ የሆነ ነገር ኖሯት አያውቅማ። እሱ «ያየሁህ»ን «ያየሁሽ»፣ «አቀበልከኝ»ን «አቀበልሽኝ» አደረገና ለኤልሳ ላከው። ይኸው ነው ድካሙ፣ ሰነፍ!

«እኔ እኮ ሰሊጥ ማሳ ረግጬ አላውቅም፤ ውሃም አላቀበልኩት» ብላ ሳቀች ኤልሳ። «ግን ዘፈን አይደል? አቦ፣ ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አለች ማሚቱ።

ሁለቱም የከዳ ፍቅረኛ ዘፈን ሲወዱ ለጉድ ነው። ማን ቀድማ ታለቅሳለች እያሉ ይወራረዳሉ፤ ሁልጊዜ የምታሸንፈው ማሚቱ ናት። ለሠርጉም ለኩርፊያውም የሰፈሩ ልጃገረዶች ግጥም የሚያስገጥሙት እሷን ነው። ስለ ክህደት ስንቱን ገጥማለች! ለካ ምኑንም ሳታውቀው ነበር። አሁን እንባውም እምቢ አለ፤ ደረቷ ብቻ ይቃጠላል።

«በይ እንግዲህ ማምዬ፣ መልስ ግጠሚልኝ። ዛሬውኑ እልክለታለሁ። እንዳንች ማን ይችላል?»

ማሚቱ የጓደኛዋን ፊት አየች። ደስታ በደስታ ሆኗል። እውነቱን ብትነግራት «ቀንተሽ ነው» ብትላትስ? ዝም ብትል ደግሞ ነገ ኤልሳም እንደሷ ትቃጠላለች።

«ሁለተኛውን ስንኝ አልላከልሽም?»

«የምን ሁለተኛ? ያለው ይሄው ነው።»

እውነቷን ነው፤ እሱ ያለው ያንን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማሚቱ፣ ሲመጣ ፊት ለፊት ልትዘፍንለት ብላ ለማንም ሳትልክ አቆይታዋለች።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ለኤልሳ መለሰችላት። «ኤልስዬ፣ እሱን ዝጊውና እኔን ስሚኝ።»

በዚያው ዜማ፣ ቀስ ብላ ጀመረች፤

«ውሃውስ አለቀ ጀሪካኑ ጎድሎ፣
የኔ ጥም ግን ቀረ አንተን አንተን ብሎ።»

ኤልሳ ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። የማሚቱን ፊት ስታይ ግን እጇ እዚያው ቀረ።

«ይሄን መቼ ገጠምሽው?» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«በሰሊጡ ጊዜ። ሁለቱንም።»

ኤልሳ ስልኩን አየች፣ ማሚቱን አየች። ስልኩን ገልብጣ አፈሩ ላይ አስቀመጠችና ጓደኛዋን አቀፈቻት።

ያን ቀን ቀድማ ያለቀሰችው ኤልሳ ነበረች።