የእማዬ ቀኝ እጅ

«አይ፣ እንደሱ አይባልም!» ራዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ እጇን አወናጨፈች። «'እማዬ ድናለች፣ አመሰግናለሁ' ብለሽ ቁጭ ልትዪ ነው? ትንሽ አሟሙቂው እንጂ!»

ጭራሮ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ጫማዋን ታያለች። የአንዱ ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ረግጣው ብትወድቅ ጥርሷን ነው የምትሰብረው፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ለማሰር እንኳ ሰነፈች። ምሳ ዕቃዋም ሳይከፈት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጭራሮ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም፤ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት፣ መብላት ደግሞ አትወድም።

«እሁድ መድረክ ላይ ስትወጪ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ተናገሪ» ራዲዮ ቀጠለች። «እጇን እንዴት እንደያዛት፣ ስንት ወር እንደጸለይን፣ ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት... እንባሽ ከመጣም አትከልክዪው።»

«አቦ ተይኝ።»

«ምን ሆንሽ? እኔ ብሆን በደስታ ሰው አላስተኛም ነበር!»

ይሄስ እውነት ነው። ራዲዮ ጠዋት የሰማችውን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ለምሳ ይሰማዋል። ልቧ ግን ክፉ አይደለም። የጓደኛዋ እናት ዳነች ሲባል እያለቀሰች የዘለለችው እሷ ነበረች፤ ጭራሮን ይበልጥ ያስጨነቃትም ይሄው ነው። ምክንያቱም የጭራሮ እናት አልዳነችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ባለችው ትንሽ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። በስተግራ «እንጸልይ»፣ በስተቀኝ «እናመስግን» ይላል። ወጣቶቹ የልባቸውን ጉዳይ በቢጫ ወረቀት ጽፈው በስተግራ በፒን ይሰኩታል፤ ጸሎቱ ሲመለስ ወረቀቷ ወደ ቀኝ ትሻገራለች። ጭራሮ የዛሬ ሰባት ወር «ለእማዬ ቀኝ እጅ» ብላ ጻፈች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጎን ዘንበል አለች። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። እግሯ ተመለሰ፤ ንግግሯም ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን እንቢ አለ።

ሰባት ወር ሙሉ የሌሎቹ ወረቀት ሲሻገር የጭራሮዋ እዚያው ቀረች። የፈተና ውጤት ተሻገረ። የአንዱ አጎት ሥራ ተሻገረ። የራዲዮ የጠፋ ስልክ እንኳ በአራተኛው ቀን ተገኝቶ ተሻገረ! የጭራሮ ወረቀት ጠርዟ ተጠቀለለ፣ ቀለሟ ወየበ። እሷ ደግሞ ጠዋት የእናቷን የልብስ ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጥባለች፣ ታበስላለች፤ እናቷ ፊት ሳቅ፣ ጓዳ ስትገባ ጥርስ መንከስ። ማታ መጸለይ ከተወች ሁለት ወር ሆኗታል። ምን ብላ? የተባለው ሁሉ ተብሏል።

ሐሙስ ማታ የወጣቶቹ መሪ እንደ ልማዱ ጠየቃት። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ የዋህ ሰው ነው፤ ግን የሚናገረውን አይመጥንም።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ያው ናት።»

«አይዞሽ። እምነትሽን ግን ፈትሺ፣ እሺ? አንዳንዴ መልስ የሚዘገየው እኛ ስለምንጠራጠር ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። በሽታው የእሷ ጥፋት ነው እንዴ? ጭራሮ ፊቷ ነደደ፤ አፏም ሳታዘው ተከፈተ።

«ድናለች» አለች። «እጇ ተፈታ። ማክሰኞ ዕለት።»

ማክሰኞ የምትለዋ ከየት እንደመጣች ራሷም አታውቅም። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። መሪው ወረቀቷን ነቅሎ በገዛ እጁ ወደ ቀኝ አሻገራት። «እሁድ ትመሰክሪያለሽ!» አላት።

ጭራሮ ከራዲዮ ተለይታ ቤት ስትደርስ የሠፈራቸው ዳቦ ቤት ባለቤት ሳሎን ቆማለች። ክንዷ ላይ ዱቄት አለ። የእናቷን መዳን እንደሰማች ሱቋን ጥላ ነው የሮጠችው።

«እህቴ! እንኳን ደስ ያለሽ! ጉድ እኮ ነው፤ እስቲ ጨብጪኝ!»

እጇን ዘረጋች። የጭራሮ እናት ግራ ገባት። የሴትዮዋን እጅ አየች፤ ቀጥሎ በሩ ላይ ቀጥ ብላ የቀረችውን ልጇን አየች። የጭራሮ ፊት ሁሉን ተናገረ። እናቷ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ በግራዋ አንስታ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ብርድ መትቶኛል እትዬ፣ እንዳላስይዝሽ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እኔማ ጨርቁን ይዤው መጣሁ!» ሴትዮዋ ከዘንቢሏ ሰማያዊ ጨርቅ አወጣች። «ልጄ ልትመረቅ ነው። አንቺ እስክትድኚ ብዬ ሌላ ሰው ጋ አልወሰድኩትም። ልኳ ያው የድሮው ነው፤ እጅጌው እስከ አንጓዋ ይሁን።»

እንቢ ብትል ልጇን ውሸታም ማድረግ ነው። እሺ ብትል ደግሞ... እናቷ ጨርቁን በግራ እጇ ተቀበለች።

ሴትዮዋ እንደወጣች ጭራሮ ጓዳ ገብታ የውሃውን ቧንቧ ከፈተች። ሳህን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች። እናቷ ብትጮህባት ይሻላት ነበር፤ ከሳሎን ግን የሚሰማው የጨርቅ መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመቀስ ድምፅ፤ ቀርጭ፣ ቀርጭ። ከዚያ መቀሱ መሬት ላይ ወደቀ።

እየሮጠች ወጣች። ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እናቷ መቀሱን በደካማው እጇ ይዛ በግራዋ እየደገፈች ልትቆርጥ ሞክራ ነበር፤ መቀሱ ከምልክቱ ወጥቶ እጅጌውን አግድም በጥሶታል።

«ለምን ቆረጥሽው?!» ጭራሮ ጮኸች። «እንደማትችዪ እያወቅሽ!»

«አንቺስ ለምን ድናለች አልሽ?»

«ስለሰለቸኝ!» እንባዋ ገነፈለ። «በየሳምንቱ 'እንዴት ናት'፣ 'ያው ናት'! እምነት የለሽም ይሉኛል። ሰባት ወር እማ! የራዲዮን ስልክ በአራት ቀን የሚያገኝ አምላክ አንድ እጅ እንዴት ያቅተዋል? ሼም ያዘኝ። ለእኔም፣ ለእሱም!»

እናቷ መቀሱን አላነሳችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔም ተናድጃለሁ» አለች።

«በእኔ?»

«በአንቺማ ተናድጃለሁ፤ ቆይ እሱን እንነጋገርበታለን። በእሱም ተናድጃለሁ። ነግሬዋለሁ ደግሞ።»

ጭራሮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለእግዚአብሔር?»

«ታዲያ ለማን ልንገረው? ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ?» እናቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «ጠዋት ጠዋት በሬን ዘግቼ ስጸልይ የምዘምር ይመስልሻል? አንዳንድ ቀን ክርክር ነው። 'ይሄን ክር እንዴት አድርጌ ላስገባ? ልጄ ስንት ትሸከም? እስከ መቼ?' እለዋለሁ።»

«ምን ይልሻል?»

«እስካሁን መልስ አላገኘሁም።» እናቷ ቀኝ እጇን ከጭኗ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ። «ግን ነገም ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ይሄን እጅ ለሰው ደብቄው አላውቅም ነበር። ለእሱም ደብቄው አላውቅም። ዛሬ ነው የደበቅሁት። ደስ አይልም።»

እናቷ የተበጠሰውን ጨርቅ በግራ እጇ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«አጭር እጅጌ ይወጣዋል» አለች። «ለእትዬ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ፤ የጨርቁ ጉዳይ የእኔ ነው።»

ሌላው የማን ጉዳይ እንደሆነ አልተናገረችም። «በይ አሁን ምሳሽን ብዪ። ከነምሳሽ ነው የተመለስሽው፤ የማላይ መሰለሽ?»

የዚያን ዕለት ምሽት ጭራሮ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ቆየች። የምታውቃቸው ቆንጆ ቆንጆ ቃላት ሁሉ ወደ አፏ መጡ፤ አንዱንም አልፈለገችውም። «ሰልችቶኛል» አለች በመጨረሻ። ጮክ ብላ በመናገሯ ደነገጠች። ጣሪያው አልወደቀም። «እየተናደድኩብህ ነው የምጸልየው። አሁንም ያው እጇን ነው የምለምንህ።» አሜን ማለቷን ረስታ ተኛች።

እሁድ ማለዳ የእናቷን ቀሚስ ስትቆልፍላት የላይኛው ቁልፍ እንደ ወትሮው አስቸገራት። «ቀድሜሽ ልሂድ» አለች። እናቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «ሹራብ ደርቢ፤ ነፋስ አለ» ብቻ አለቻት።

አዳራሹ ገና ባዶ ነው። ወለሉ የታጠበበት ሳሙና ይሸታል። መሪው ማይክ ይሞክራል፤ «አንድ፣ ሁለት... አንድ፣ ሁለት...» ራዲዮ ወንበር ትደረድራለች። ጭራሮ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ከስተቀኝ በኩል የወየበችውን ወረቀት ነቀለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» መሪው ከመድረኩ ላይ ጠየቃት።

«አልዳነችም» አለች ጭራሮ። «ዋሽቼ ነው።»

ራዲዮ ወንበር እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። በሕይወቷ የምትናገረው ያጣችው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መሪው ማይኩን አጠፋ። ወርዶ አጠገቧ ቆመ፤ ወረቀቷን አየ፤ አንገቱን አከከ። «ሐሙስ እኔ ያልኩሽ ነገር...» ብሎ አልጨረሰውም። «ስምሽን ከሚመሰክሩት ዝርዝር ላውጣው?»

ጭራሮ አሰበች። እናቷ መጥታ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ ሊጨብጣት ይሽቀዳደማል። እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች።

«አታውጣው» አለች። «እስኪሪቢቶ አለህ?»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «ለእማዬ ቀኝ እጅ» ከሚለው በታች አንድ ቃል ጨመረች፤ «አሁንም»። ወረቀቷን በስተግራ ሰካቻት። ፒኑ እንጨቱ ውስጥ አልገባ ብሎ ታገላት፤ በአውራ ጣቷ እስኪያማት ገፋችው።

በሩ ላይ የሰው ድምፅ መሰማት ጀመረ። ጭራሮ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ከዚያ ወደ መድረኩ ሄደች።