የማጠቢያው ወንበር

ዊጉ አልቀመጥ አለ። ወደ ግራ ስትስበው ቀኙ ይነሳል፤ ቀኙን ስትጫነው ከኋላ ይነፋል። ዞማ በእናቷ ፀጉር ቤት ጓዳ፣ በሻምፖ ካርቶኖች መሃል ቆማ በእጅ መስታወት ራሷን አየችና «የሰው ነገር መቼም የሰው ነው» አለች በሆዷ። ፎቶ አንሺው ከምሳ በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ወይ ይህ ነገር ፀጉር ይመስላል፣ ወይ ጉድ ይፈላል።

ዞማ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ፀጉሯ ያወጣላት ስም ነው። ገና ትንሽ ሳለች ወገቧ የሚደርስ፣ ለስላሳ፣ ማበጠሪያ የማያስቸግር ፀጉር ነበራት፤ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ዞማ ብሎ ጠርቷት ቀረ። እናቷ ደግሞ የልጇን ፎቶ አሳድጋ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩም ራሷ የምታዘጋጀውን የፀጉር ቅባት በትንንሽ ጠርሙሶች ደረደረች። ደንበኛ ፎቶውን አይታ ትገባለች፣ ጠርሙስ ይዛ ትወጣለች። አሁን ፎቶው በፀሐይ ደብዝዟል። ዛሬ አዲስ ሊነሳ ነው።

ፀጉሩ ግን የለም። መጀመሪያ ትራሷ ላይ አየችው፤ ቀጥሎ ማበጠሪያዋ ላይ፤ ከዚያ በእፍኝ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። የተረፈውም እንደ ገለባ ደርቆ፣ መሃል አናቷ ላይ ቆዳዋ ይታያል። ሻሽ ማሰር ጀመረች። እናቷ «ነይ ልጠብሽ» ባለቻት ቁጥር አንዴ ጥናት አለብኝ፣ አንዴ ራሴን አሞኛል፣ አንዴ ቤት እታጠባለሁ ትላለች። እናቷም ለደንበኞቿ ልጄ አድጋ የእኔን እጅ ናቀች እያለች ትስቅ ነበር። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ቀጮ ነበረች። ቀጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ ትምህርቱ ሲሰለቻት የዞማን ፀጉር ጫፍ እየጎነጎነች መፍታት ልማዷ ነው። አንድ ቀን እጇን ወደ ሻሹ ስትልክ ዞማ እጇን መታቻት። ጠንከር አድርጋ ነበር የመታቻት። ቀጮ እጇን ሰብስባ «ኧረ ተይ እቴ፣ ንግሥት ሆንሽብን» አለች። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ፊት ወንበር ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዞማ እረፍት ሰዓት ላይ ብቻዋን ነው የምትቆመው፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ። ሌሎቹ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ላብ በላብ ሆነው ይሯሯጣሉ፤ እሷን ሹራብ ደርባም ይበርዳታል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ፊቷ አበጥ አበጥ ሲል እናቷ ወፈርሽልኝ ብላ ደስ አላት። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። እንዳይጠይቋት ትፈራለች፤ ስላልጠየቋት ደግሞ ሆዷ ይብሳል።

ለእናቷ ልንገራት ስትል የጠርሙሶቹ ነገር ትዝ ይላታል። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ፀጉሯ ረገፈ ከተባለ ማን ቅባት ይገዛል? ያ ቅባት ነው የመለጣት ለማለት ሰፈሩ ማንን ይጠብቃል? ከሁሉ የሚብሰው፣ እሷ ራሷም አንዳንዴ እንደዚያ መጠርጠሯ ነው።

«የት ገባሽ? ነይ ወለሉን ጥረጊልኝ፤ ሲስተር መጥታለች!» ብላ እናቷ ተጣራች።

ዊጉን ካርቶን ውስጥ ወርውራ ሻሿን አሰረችና ወጣች።

ሲስተር በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁልጊዜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ያን ጊዜም የማጠቢያው ወንበር ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። «ውሃው እንዴት ነው? ሙቅ ልጨምርበት?» አለች የዞማ እናት። ይህን ሁሉንም ሰው ትጠይቃለች፤ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው ይላታል።

እናቷ እያጠበች ወሬዋን ቀጠለች። አንዷ ደንበኛ ቤቷ ውስጥ ተደብቃ ቀለም ተቀብታ፣ ተቃጥላ፣ እያለቀሰች መምጣቷን ነገረቻትና ሳቀች። «ምን ላድርጋት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ደግሞም ሰሞኑን ፀጉሬ ረገፈ የሚለው መብዛቱን፣ እሷም ለሁሉም ቅባቷን ሰጥታ አናታቸውን እንደምታሽላቸው አጫወተቻት።

ሲስተር ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ቅባትሽን አልጠላሁም፣ ከውስጥ የሚመጣም ግን አለ አለቻት። አንገት ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ታይሮይድ የምትባል እጢ እንዳለች፣ የእሷ ሆርሞን ሲያንስ የሰውነት ሥራ ሁሉ እንደሚንቀራፈፍ ነገረቻት። ፀጉር ይረግፋል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ፊት ያብጣል፣ እንቅልፍ አይጠገብም፤ ሰው ሁሉ ሲሞቀው ያንን ሰው ይበርደዋል። አንዳንዴም አንገት ላይ እብጠት ይወጣል።

«የረገፈ ሁሉ ከእጢ ነው ማለቴ አይደለም» አለች። «ብዙ ምክንያት አለው። በደም ምርመራ ይለያል፤ እሱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት አለው። ፀጉሩም ቀስ እያለ ይመለሳል። ቶሎ መምጣት ነው።»

የዞማ መጥረጊያ ቆመ። እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ሰሞኑን የዩኒፎርሟ ኮሌታ አልቆለፍ ያላት ስለወፈረች መስሏት ነበር። አሁን ግን ጣቶቿ እብጠት አገኙ።

እናቷ የሲስተርን ፀጉር በቢጉዲን ጠቅልላ ከማጠቢያው አጠገብ ካለው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር አስገባቻት። ማድረቂያው ማጓራት ሲጀምር ሲስተር መስማት አቁማ መጽሔት ገለጠች። ወዲያው ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። ቀድሞ ነው የመጣው።

«የታለች ሞዴላችን?»

እናቷ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረች። ደስ ብሏታል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ልጇ እጇ ልትገባ ነው። «ነይ እንጂ ዞማዬ፣ ሻሹን ፍቺውና ላበጥርሽ።»

ዞማ መጣሁ ብላ ጓዳ ገባች። ዊጉን ከካርቶኑ አነሳችው። ይህን አጥልቃ፣ ራሴ አበጥሬዋለሁ፣ አትንኪኝ ብላ ብትወጣ ፎቶው ይነሳል፤ ጠርሙሶቹ ይሸጣሉ። ሰኞ ደግሞ ሻሽ ታስራ ያ ግድግዳ ጥግ ትቆማለች፤ ማክሰኞም እዚያው። ይህን መንገድ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሌላውን አታውቀውም።

ዊጉን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው።

ስትወጣ እናቷ የያዘችላትን ወንበር አልፋ ሄደችና የማጠቢያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው? ፎቶ እኮ ነው።»

«መጀመሪያ እጠቢኝ» አለች ዞማ። ሻሿን ፈታችና አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች።

የእናቷ እጅ እንደለመደው መጣ፤ ከዚያ ቆመ። ፎቶ አንሺው አየና ውጭ የረሳው ነገር ያለ ይመስል በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እናቷ።

«ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ። ሰው ቅባቱን…»

«ቅባቱ ገደል ይግባ።»

 ዞማ የእናቷን ጉንጭ መንቀጥቀጥ ከታች ታየዋለች። እጇ ግን የለመደውን ሥራ ያውቃልና ቧንቧውን ከፈተ። ጣቶቿ የጨቅላ ልጅ ራስ እንደሚነኩ ሆነው የቀረችውን ፀጉር አራሷት። አፏም የለመደውን አለ።

«ውሃው እንዴት ነው?»

ጥሩ ነው የሚለው ቃል ዞማ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰችው።

«ይበርደኛል እማዬ» አለች። «ውሃው አይደለም። ከቆየ ጀምሮ ይበርደኛል።»

የእናቷን እርጥብ እጅ ያዘችና ወደ አንገቷ ወስዳ እብጠቷ ላይ አሳረፈችው። እናቷ ጣቶቿን ከዚያ ሳታነሳ፣ በሌላው እጇ ተንጠራርታ የሲስተርን ካስክ አጠፋችው።