ዘፈን የሌለበት ካሴት

ሊባኖስ የተባለው ወጣት አስመራ፣ ዓባ ሻውል ሰፈር ውስጥ፣ በአደይ ኣብርሄት ጓሮ፣ ከዶሮ ቆጡ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነበር። ዶሮዎቹ ገና አልተረጋጉም፤ ጎረቤቱ ግን ቶሎ ተረጋግቶ «ከሰገነት ወድቆ ነው፣ ምስኪን» ብሎ ነገሩን ጨርሶታል። መርማሪ ለተሰንበት የተጠራችው ወረቀቱን እንድትሞላ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ ለተሰንበት ወረቀት መሙላት አትወድም።

ሜዳ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ ደቅና የጠላትን ወሬ ስታደምጥ ኖራለች። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት አለፈው፤ ጠመንጃዋን መለሰች፣ ጆሮዋ ግን ትጥቅ አልፈታም።

ሬሳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። አንገቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው ቀበቶው ላይ ወደታሰረ ትንሽ ቴፕ ይወርዳል። የቴፑ አፍ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ካሴት የለም።

«ባዶ ቴፕ ምን ያዳምጣል ሰው?» አለች ለራሷ።

ሰገነቱ ላይ ወጣች። የጠርዙ ግንብ ወገቧ ድረስ ይደርሳል። ወደ ታች ለማየት የተንጠራራ ሰው በግንባሩ ነው የሚወርደው። ይኼ በጀርባው ወርዷል። እንግዲህ ፊቱን ያዞረው ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው ነበር።

አደይ ኣብርሄት፣ የሊባኖስ አከራይ፣ ከልብስ ማጠቢያቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሳሙናው እጃቸው ላይ ደርቋል።

«መቼ ሰሙት፣ አደይ?»

«ልክ ዐሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ሰዓት አለዎት?»

«ሰዓት ምን ይሠራልኛል፣ ጓለይ? ፊሽካው ተነፋ እኮ! ባንዲራው ሲወርድ። ብድግ አልኩ። መንገዱ ሁሉ ጸጥ፤ ማኪናው ቆመ፣ ባለብሽክለታው ወርዶ ቆመ፣ አህያው እንኳ ምን እንደገባው እንጃ፣ ቆመ። ያኔ ከኋላ ‹ዱብ› አለ። የዱቄት ጆንያ መሰለኝ።»

«ሄደው አላዩም?»

ሴትዮዋ የደረቀውን ሳሙና በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ።

«ባንዲራ እኮ ነው። ሁለተኛው ፊሽካ ሳይነፋ ሰው ይነቃነቃል እንዴ? ቆምኩ። እሱ እዚያ ማዶ… እኔ እዚህ፣ እንደ ግንድ ቆሜ።»

ለተሰንበት ማጽናናት አትችልበትም። ስለዚህ ቀጠለች። «የሮጠ ሰው አላዩም?»

«ማን ይሮጣል ሁሉም ቆሞ! ከፊሽካው በኋላ ደግሞ ሰው በሰው ሆነ። የጓሮው በር በቀን አይዘጋም።»

«እርስዎም ከሱ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«እወ! ከዶሮዎቼ ጋር ስጨቃጨቅ ቀድቶኝ ሙዚቃ አደረገኛ! ዶሮዋን ‹አንቺ ሌባ› ስላት፣ ከኋላዬ ኪቦርድ እንደ ጉም ይነፋል። አስመራ ሁሉ ሊሰማኝ ነው? ቤቴን ልቀቅ አልኩት።» ወደ ዶሮ ቆጡ አየት አደረጉና «ሓቁን ልንገርሽ? ያምር ነበር» አሉ።

የሟች እኅት ትርሓስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች። አላለቀሰችም፤ ማልቀሻዋን ለሌላ ቀን ያቆየች ትመስላለች።

«ካሴቱን አገኛችሁት?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«የትኛውን?»

«ሥራውን። ቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት አለው አይደል? ለየሰዓቱ አንድ ካሴት። አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ፌርማታ፣ እያለ ይሄዳል። የከተማውን ድምፅ ይቀዳና ከሥሩ ኪቦርዱን ያነጥፍበታል። አንድ ድምፅ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ይለውጠዋል። ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም። ዓመት ተኩል ፈጀበት። ዐሥራ አንዱ አልቆ ነበር።»

«ዐሥራ ሁለተኛውስ?»

«ዝምታው ነበር። ባንዲራ ሲወርድ ከተማው ዝም የሚልበት። እሱን ሊቀዳ ነው ሰገነት የወጣው።»

«ዐሥራ አንዱ የት ነው ያለው?»

«ባለፈው ማክሰኞ በወተት ዱቄት ካርቶን ከትቶ ለማባዛት ለተወልደመድኅን ወሰደለት፣ ዓኽርያ ሰፈር ካሴት ቤት ላለው። ሌላ ቅጂ የለም። ባዶ ካሴት ከየት ተገኝቶ!» አቀርቅራ ነበር፤ ቀና አለች። «ገዳዩን አምጪልኝ አልልሽም፣ እሱ ያንቺ ሥራ ነው። ያንን ካርቶን ግን አምጪልኝ። እናታችን ስደት ላይ ስትሞት ፎቶ እንኳ አልተረፈላትም። የሱ ደግሞ ያ ነው።»

በማግስቱ ለተሰንበት፣ ለሊባኖስ ኪቦርድ ያዋሰውን የሰርግ ሙዚቀኛ ግርማይን ፍለጋ፣ ዓዲ ጓዕዳድ ወደተባለው መንደር ወረደች። ወሩ ጥር ነው፤ ሰርግ በሰርግ ላይ። ግርማይ ዳሱ ጀርባ ቆሞ የሙሽራ ቤት ዳቦ ያላምጣል።

«ሊባኖስን ‹ከሰገነቱ እወረውርሃለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«ብዬዋለሁ» አለ ሳይደነግጥ። «ኪቦርዴን ተውሶ ዓመት ተኩል! እኔ በሰው ኪቦርድ ሰርግ ስጫወት፣ እሱ በኔው ኪቦርድ የአህያ ድምፅ ያጅባል። የዚያን ዕለት ጧት ሄጄ ነጠቅኩት። ማታ ሞተ። አሁን እንዴት እንደምነካው እስቲ ንገሪኝ፣ ተጋዳሊት?»

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ትናንትም ዳስ፣ ዛሬም ዳስ። ሁለት መቶ ሰው አስጨፍሬያለሁ። ሙሽራዋን ጠይቂ፤ እግሯን የረገጥኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ማላመጡን ተወ። «የሚገርም ነገር ግን ላንሳልሽ። ትናንት እረፍት ስንወጣ የጓይላ፣ የሰርግ ጭፈራ ካሴት ከፈቱ። ዘፈኑ አለቀ፣ ካሴቱ አላለቀም። ድንገት የአውቶቡስ ጥሩምባ ወጣ! ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።»

«ለምን?»

«ከጥሩምባው ሥር ኪቦርድ ነበረ። የኔ ኪቦርድ። አንዷ ቁልፍ አስም አለባት፣ ስትያዝ ታፏጫለች። ያፏጨችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም።»

ለተሰንበት ካሴቱን ከሙሽራው ቤት ለምና ወሰደች። ሽፋኑ ላይ የተወልደመድኅን ሱቅ ማኅተም አለበት።

ተወልደመድኅን ከካርቱም የማባዣ ማሽኖቹን ይዞ የተመለሰ፣ ወፍራም፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ሱቁ ዓኽርያ ውስጥ፣ ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ይገኛል። ድምፅ ማጉያው ከጧት እስከ ማታ ስለሚያገሳ፣ ከሱ ጋር ማውራት ማለት መጮኽ ማለት ነው። ለተሰንበት ስትገባ ግን አጠፋው።

«ሻሂ ይምጣልሽ?»

«ኣይፋል፣ የቐንየለይ፤ አልጠጣም። የሊባኖስን ካሴቶች ፈልጌ ነበር።»

«የትኞቹን?»

«ዐሥራ አንዱን።»

«አመጣለሁ ይለኝ ነበር። አላመጣልኝም፣ ሓፍተይ። ነፍሱን ይማር።»

«ሐሙስ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይስ?»

«እዚሁ ደጃፌ ላይ!» መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ካሴት አወጣ፤ ሳይጠየቅ የቀረበ ማስረጃ ሁልጊዜ ክብደት ያንሰዋል። «እሱው ራሱ የዓኽርያን መንገድ ቅዳልኝ ብሎኝ፣ ማይኩን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከዐሥራ አንድ ተኩል ጥቂት አልፎ ጀመርኩ፣ አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ጎን ሙሉ። መጨረሻው ላይ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ስሚው! አዛን ሰዓት አይዋሽም።»

ለተሰንበት ወስዳ ሰማችው። መዶሻ፣ ጋሪ፣ የልጆች ጩኸት፣ መጨረሻው ላይ አዛን። ሦስት ጊዜ ሰማችው። አዛኑ እውነትም አልዋሸም። በማግስቱ አራቱን ሰዎች ተወልደመድኅን ሱቅ ውስጥ ሰበሰበች። ሁለት ፖሊሶች ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ልክ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከተተችና «ቁጭ በሉ፤ እስኪያልቅ እንሰማለን» አለች።

«አርባ አምስት ደቂቃ መዶሻ?» አለ ግርማይ። «አልገደልኩም ብያለሁ እኮ፣ ለምንድን ነው የምቀጣው?»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ባለጌ» አሉ አደይ ኣብርሄት። «ሟች አለ።»

ትርሓስ ፊቷን አዞረች። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የጓይላ ካሴቶች አንድ በአንድ በዓይኗ ትለቅማለች።

ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ ሄደ። ካሴቱ ውስጥ መዶሻ፣ ውጭም መዶሻ፤ የትኛው የዛሬ፣ የትኛው የሐሙስ እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር። ከዚያ ከፊት ለፊቱ ጽሕፈት ቤት ፊሽካ ተነፋ።

መንገዱ ቆመ። ሱቁ ውስጥ ያሉትም ሁሉ ብድግ አሉ፤ ተወልደመድኅንም አብሮ ተነሣ፣ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ። ጋሪው ቆመ፣ መዶሻው ቆመ፣ ልጆቹ ዝም አሉ። ከተማው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቴፑ ብቻ አልቆመም። ያ መዶሻ ይወቅጣል፣ ያ ጋሪ ይንኳኳል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ሰው ሁሉ እንደ ሐውልት በቆመበት፣ ሐሙስ ዕለት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀዳሁ የሚለው መንገድ ምንም ሳይገደው ይራወጣል።

ማንም መነቃነቅ አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ቆመው ወደ ተወልደመድኅን ተመለከቱ። እሱም ቆሞ ላብ ጠመቀው።

ሁለተኛው ፊሽካ ተነፋ። ለተሰንበት ቴፑን አጠፋች።

«ሊባኖስ በጀርባው ነው የወደቀው» አለች። «ስለዚህ ከፊቱ ሰው ነበረ። ያ ሰው ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ወሰደ፤ ድምፁ ተቀድቶበታላ። ግርማይ ሊሆን አይችልም፤ ሙሽራዋን ጠየቅኳት፣ እግሯ እስካሁን እንዳበጠ ነው። አደይ ኣብርሄትን ፊሽካው ሲነፋ ማጠቢያቸው ላይ ሦስት ጎረቤት አይቷቸዋል። የቀረው ይኼ ካሴት ያለው ሰው ነው።» ወደ ተወልደመድኅን ዞረች። «መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አንተ ቀድተኸዋል፤ መሐሉ ላይ ግን አቋርጠህ ዓባ ሻውል ደርሰህ መጥተሃል። ያኔ ነው ዝምታው ያመለጠህ። የየቀኑን ነገር ሰው አያስታውስም፤ አንተ ደግሞ በየማታው ድምፅ ማጉያህ ሥር ሆነህ ያንን ዝምታ ሰምተኸው አታውቅም።»

«ለምን እገድለዋለሁ? ወንድሜ ነበር…»

ለተሰንበት ከኪሷ የሰርጉን ካሴት አወጣች። «‹አላመጣልኝም› ብለኸኝ ነበር። ይኼ አንተ የሸጥከው ጓይላ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ከሥሩ የሊባኖስ ፌርማታ ይወጣል።»

ትርሓስ ከግድግዳው ላይ ዓይኗን ነቀለች።

ወፍራሙ ሰው እንደ ከረጢት ተቀመጠ።

«ጥር ነው» አለ። «ሰርጉ በዛ፣ ባዶ ካሴት ከከተማው ጠፋ። ካርቶኑን ከፍቼ አዳመጥኩ። ማኪና፣ ዶሮ፣ መዶሻ። ዘፈኑ እስኪጀምር ጠበቅኩ። አልጀመረም። ቴፑ ተበላሽቶበት መንገድ የቀዳ መሰለኝ። በላዩ ቀዳሁበት።»

«ሁሉንም?» አለች ትርሓስ።

«ሁሉንም። በኋላ ነው ሥራው ያ እንደሆነ የገባኝ። ሐሙስ ዕለት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማይኩን ይዤ ወጣሁ፤ የዐሥራ አንድ ሰዓቱን ካሴት ልመልስለት። መንገድ አይደል? ያው ነው ብዬ። ግማሽ ላይ ስደርስ ነገሩ ሞኝነት ሆነብኝ። ሄጄ ልንገረው አልኩ። ሰገነት ላይ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ የቀለድኩ መስሎት። ከዚያ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ላላቅቀው ገፋሁት። ፊሽካም አልሰማሁ፣ ጸጥታም አልሰማሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ይጮኽ ነበር። ስመለስ ከጎኑ የቀረውን ሞላሁት።»

«ከሱ ቴፕ ያወጣኸው የዐሥራ ሁለቱስ የት ነው?» አለች ለተሰንበት።

ተወልደመድኅን ወለሉን አየ።

«ያን ማታውኑ ጓይላ ቀዳሁበት። ተሸጧል።»

አደይ ኣብርሄት አማተቡ።

«ለማን?» አለች ትርሓስ። «ለማን ለማን ሸጥካቸው?»

«አልጻፍኩትማ፣ ሓፍተይ። ለሰርግ ነው። ከረን የወሰደ አለ፣ ደቀምሓረ የወሰደ አለ። እነሱም በላዩ ሌላ ይቀዱበታል።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ግርማይ አደይ ኣብርሄትን ደግፎ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

«ካርቶኑን አላመጣሁልሽም» አለች ለተሰንበት። «ያለኝ የዚህ የሰርግ ካሴት ጫፍ ነው። ዘጠኝ ሰከንድ። ነገ ለፍርድ ቤት አስገባዋለሁ፤ ዛሬ ስሚው።»

ትርሓስ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። ሰማች። መልሳ አጠነጠነችና እንደገና ሰማች።

«አውቶቡሱ አለ» አለች። «‹ውረዱ› የሚለው ትኬት ቆራጭ አለ። ኪቦርዱ አለ። እሱ የለም።»

«የቀዳው እሱ ነው እኮ።»

«ሲቀዳ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ድምፁ እንዳይገባበት። አብሬው ስሆን ‹ያዢ› ይለኛል፣ ሁለታችንም እስክንጠቁር እንይዛለን።» ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ በሁለት እጇ ተጫነችው። «አንድ ጊዜ እንኳ አያመልጠውም? በዓመት ተኩል አንድ ጊዜ? ከፍ አድርጊልኝ እስቲ።»

ለተሰንበት ድምፁን እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረገችው። ማዳመጫ ሳታደርግ እንኳ ጥሩምባውን ሰማች፤ ከሥሩ ያቺ ባለ አስሟ ቁልፍ ታፏጫለች። ትርሓስ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷም ሳትተነፍስ፣ ዘጠኙንም ሰከንድ አደመጠች። ከዚያ ካሴቱ አለቀና የቴፑ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ዘለለ።

«የለም» አለች።