በስቱዲዮ የተገኘው ስንብት

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ናት።

ከገበያ ተመልሳ፣ ምሳ አቅርባ፣ ቢቆይባት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልትጠራው ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሏ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የተኛ መሰላት። ትከሻውን ስትነካው ሰውነቱ በረዶ ሆኗል።

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ቤት ነበር። ግድግዳውን በወፍራም ስፖንጅ ለብጦ፣ ማይክና ኮምፒውተር አስገብቶ፣ የቀረጻ ስቱዲዮ ያደረገው ሟቹ ራሱ ነው። ድምፅ አይገባበትም፤ ድምፅ አይወጣበትም። ሰው ቢጮህበት ጎረቤት አይሰማም።

ኪሱ ውስጥ ባዶ የእንቅልፍ መድኃኒት ብልቃጥ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠ «ስንብት» የሚል ፋይል አለ። የሟቹ ድምፅ ነው።

«ደክሞኛል። ከዚህ በላይ መቀጠል አልችልም። ይቅር በሉኝ።»

በቃ፤ ራሱን ገደለ ተባለ። ሰው ሲሞት ምክንያቱን አውቃለሁ የሚል አይጠፋም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ።

ኢንስፔክተሯ ግን መዝገቡን ለመዝጋት አልቸኮለችም። ሃያ ስድስት ዓመት በሙያው የቆየች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ለማንም የማታጎበድድ ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ ዞር ስትል «እሜቴ እሾህ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ቅር አይላትም።

መጀመሪያ የተጠራው በስቱዲዮው አልበም ያስቀረጸ ዘፋኝ ነው። ከሳምንት በፊት በር ላይ ቆሞ ሟቹን «እገድልሃለሁ» ሲለው ጎረቤት ሰምቷል።

«ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ።» ላብ አጥምቆታል።

«ለምን?»

«አልበሜን አበላሹታ! ድምፄ መርፌ ሆኖ ጆሮ ይወጋል። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«የቀን ሥራዬ ማስተማር ነው። ክፍል ውስጥ ነበርኩ።»

ስልሳ ተማሪ መሰከረለት። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ።

ቀጥሎ የሟቹ የሥራ ሸሪክ መጣ። ሟቹ ይቀርጻል፤ እሱ የተቀረጸውን አስማምቶ ያጣፍጣል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ነው። ዘፋኞች «ወርቅ ጆሮ» ይሉታል።

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«በዕቃ ነው የምንጣላው። እሱ አንድ ጥሩ ማይክ ከመቶ ኢፌክት ይበልጣል ባይ ነው። እኔ ሶፍትዌር እወዳለሁ። ማስተጋቢያ ይበሉት፣ ማጥሪያ ይበሉት፣ የወጣውን ሁሉ እጭናለሁ። ድምፁን በቀለም ያሳዩኛል፤ እያየሁ አስተካክላለሁ።»

«ሰሞኑንስ?»

«አዲስ ሳውንድ ካርድ ካልገዛን ብሎ ነዘነዘኝ። የነበረው ደህና ነበር። ገዛ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ!» ይህን ብሎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ይመስል ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አዲስ ነገር አልተገኘም። መዝገቡ እንዲዘጋ የቀረው ሚስትየው የባሏን ድምፅ ሰምታ ማረጋገጧ ብቻ ነው።

«አልሰማም» አለች። ዐይኗ ደረቅ ነው። «እኔንና ልጃችንን ሰለቸኝ ብሎ ጥሎን ሄደ። ድምፁ ምን ያደርግልኛል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ እህቴ።»

ሄድፎኑን አጠለቀች። እስከ መጨረሻው አደመጠች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

«ያ ፉጨት አለ።»

«የምን ፉጨት?»

«ቀጭን ነው፤ እንደ ትንኝ። የድሮው ሳጥን ነዋ፣ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው። ራሴን አመመኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የቀየረው።»

ኢንስፔክተሯ ሄድፎኑን ተቀብላ አደመጠች። ከሟቹ ቃል በቀር ምንም የለም። በር ላይ የቆመችውን ወጣት ኮንስታብል ጠራቻት። ኮንስታብሏ ገና ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ ይሄ ነገር ጆሮ ይበሳል!»

«መቼ ነው የቀየረው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከመሞቱ ዐሥራ አንድ ቀን በፊት። አሮጌውን እኔው ራሴ ነኝ የጣልኩት።»

የአዲሱ ሳጥን፣ ማለትም የሳውንድ ካርዱ፣ ደረሰኝ ተገኘ፤ ቀኑ ልክ ነው። በሞተበት ጠዋት ተናገረው የተባለው ቃል የተቀረጸው፣ ከቤት ከወጣ ዐሥራ አንድ ቀን ባለፈው ዕቃ ነው።

ዘፋኙ እንደገና ተጠርቶ ድምፁን ሰማ። ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይሄማ ለእኛ ያለው ነው! አንዲት ስንኝ አርባ ጊዜ አዘፍኖኝ፣ በመጨረሻ ‹ደክሞኛል፣ ከዚህ በላይ መቀጠል አልችልም፣ ይቅር በሉኝ፣ ነገ እንጨርሳለን› ብሎ አሰናበተን። ‹ነገ› ያለው የት ገባ?»

አንድ ሰው ቆርጦታል። ከሟቹ ሌላ የድሮው ቀረጻና የስቱዲዮው ቁልፍ ያለው ደግሞ ሸሪኩ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሯን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር፤ ወርቅ ጆሮ የሚባል ሰው ይህን ፉጨት ሳያጠፋ ለምን ተወው? ጆሮ የሚወጋው አልበም ትዝ ሲላት ደነገጠች።

በማግስቱ ጠራችው። ጠረጴዛው ላይ ስፒከር አስቀምጣለች።

«አንድ ድምፅ ላሰማዎት ነው። ምን እንደሆነ ይነግሩኛል።»

የፖሊስ ባለሙያዎች ፉጨቱን ብቻውን አውጥተው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተውታል። ቁልፉን ተጫነች። ኮንስታብሏ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ቃል የሚጽፈው ወጣት ፖሊስ ብዕሩን ጥሎ በሩን ከፍቶ ወጣ። ዕድሜ ቀጭን ድምፅ ከጆሮዋ ስለወሰደባት ኢንስፔክተሯ ለራሷ አይሰማትም፤ የምታየው የእሱን ፊት ነው።

ወርቅ ጆሮ እግሩን አጣምሮ በትሕትና ይጠብቃል።

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

«ከጀመረ ቆየ።»

ዞሮ ኮንስታብሏን አያት። ፊቱ አመድ መሰለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«አራት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋብኝ። ከዚያ ስክሪኑን እያየሁ መሥራት ጀመርኩ። የማይሰማኝን ቀጭን ድምፅ እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ… ዘፋኙ አልበሜ ተበላሸ ብሎ ሲጮህ ሸሪኬ ጠረጠረኝ። የእጅ ሰዓቱን ጆሮዬ ሥር አስጮኸው። አልሰማሁትም።»

«ምን አለዎት?»

«አልበሙን ሌላ ሰው እንደገና ይሥራው፤ እውነቱን ለዘፋኙ እነግረዋለሁ አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«ሻይ ውስጥ።» እጁን አየ። «ከስሜ ሌላ ምን አለኝ?»

አላዘነችለትም። ሰው መግደሉ ሳያንስ፣ ሟቹ ቤተሰቡን እንደከዳ አድርጎ ያስወራው እሱ ነው። ካቴናውን ራሷ አጠለቀችበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሄዳ ሁሉንም ለሚስቱ ነገረቻት።

«ለልጅቷ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለች ሚስትየው። «እኔ አባትሽ ጠልቶን ሄደ ብያታለሁ። በየትኛው አፌ?»

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኢንስፔክተሯ የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባትሽ ጥሏችሁ አልሄደም፣ የእኔ ልጅ። ክፉ ሰው ነው የገደለው። ያንን ቃል ለእናንተ አላለውም።»

ልጅቷ አሰበች፤ ወደ ባዶው ግድግዳ አየች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ እንግዲያው የአባዬን ፎቶዎች መልሰሽ ስቀያቸው።»

እናቷ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ንዴቱ ሲያንገበግባት፣ አንድም ሳታስቀር አቃጥላቸዋለች።